እትዬ ብርቅዬ ፕሉቶን ያስገመገሙ ለት

መጽሐፍ ቤት ባለበት ሁሉ መጽሐፍ የማያስነካ ሰው አለ። ነገ ጨረቃ ላይ መጽሐፍ ቤት ቢከፈት፣ ሹራብ ደርቦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ «ምን ፈልገህ ነው?» የሚል ሰው ከሮኬቱ ቀድሞ በሩ ላይ ይገኛል።

የኛዋ፣ ክብርት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ የሰባት መደርደሪያ እመቤት፣ እትዬ ብርቅዬ ናቸው። ስማቸውም ብርቅዬ፣ መጽሐፋቸውም ብርቅዬ። እኔ ቦንጋ ውስጥ እሳቸው ያሉበት ትምህርት ቤት ተላላኪ ነኝ። ደብዳቤ አመላልሳለሁ፣ ክፍል እጠርጋለሁ፣ ወሬ ደግሞ በነጻ አደርሳለሁ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ብሆንም የሰው ድምፅ በማስመሰል ግን ዲግሪ አለኝ። እትዬ ብርቅዬን ለማስመሰል አንድ ቃል ይበቃል። ጉንጭን ወደ ውስጥ መሰብሰብ፣ ከዚያ በአፍንጫ፦ «በዓይን!»

ተማሪ ወደ መደርደሪያ እጁን ሲዘረጋ፣ «በዓይን!» መምህር መዝገበ ቃላት ሊገልጥ ሲል፣ «በዓይን!» አንዴ መጽሐፍ ላይ ዝንብ ስታርፍ «በ...» ብለው ሲያቆሙ ጆሮዬ ሰምቷል። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ገጽ አልተቀደደም» እያሉ በየግምገማው ይኮራሉ። ልክ ናቸው፣ አልተቀደደም። አልተገለጠማ!

በ99 መስከረም ታዲያ ለርዕሰ መምህራችን ለሳምሶን ሶፋ መጣለት። (ስምንተኛ ክፍል እያለ ጠመኔ ሲሰርቅ ስለማውቀው አንቱ አይወጣኝም።) ሶፋው ቢሮው አልገባ አለ። በጎን ተሞከረ፣ በቁም ተሞከረ፣ እምቢ አለ። ሳምሶን ግቢውን ዞሮ ዞሮ ዓይኑ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? እትዬ ብርቅዬ ክፍል ላይ።

«እትዬ ብርቅዬ፣ አምና ስንት ሰው ተጠቀመ?»

«አንድም መጽሐፍ አልጠፋም።»

«ስንት ሰው ነው ያልኩት።»

«አንድም ቅጠል አልታጠፈም።»

መዝገቡን ገለጠው። ዓመቱን ሙሉ አሥራ አንድ ፊርማ። ዘጠኙ የራሳቸው።

«እንግዲህ ጥቅምት ላይ የበላይ አካል ሊገመግመን ይመጣል» አለ። «እስከዚያ ተማሪ ካልገባበት ክፍሉ እንግዳ መቀበያ ይሆናል። መጽሐፉ በጆንያ ሆኖ ስቶር ይገባል።»

በጆንያ! እትዬ ብርቅዬ ያን ቀን ምሳቸውን አልቀመሱም። ልጠርግ ስገባ የመጽሐፎቹን ጀርባ አንድ በአንድ ይዳብሳሉ። በእጃቸው! ደንግጬ መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ።

በሳምንቱ በራቸው ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ «የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች! ፕላኔት መሆን የምትፈልጉ ንጹህ እጅ ይዛችሁ ቅረቡ።»

ልጆቹ መጀመሪያ ለሳቅ ነው የገቡት። ሲገቡ ግን ኮርኒሱ ላይ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ተንጠልጥሏል፣ ፀሐይ ነው። ዙሪያውን በቃጫ የታሰረ ዓለም ሁሉ አለ፤ ጁፒተር ዱባ፣ ሳተርን ሽቦ የታጠቀ ብርቱካን፣ መሬት የቡና ፍሬ፣ መጨረሻ ላይ ጥግ ይዛ አንዲት የኮረሪማ ፍሬ፣ ፕሉቶ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፕላኔት ተሰጠው። «ራሳችሁን አንብባችሁ ኑ» ተባሉ። ለማንበብ ደግሞ መንካት ሊኖር ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ባልዲና ሳሙና ተቀመጠ።

«ማርስ፣ ጥፍርህን አሳየኝ! ይሄ አፈር ከየት ነው?»

«ማርስ አፈሯ ቀይ ነው ይላል እትዬ።»

«ታጠብ!»

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ገበያ መሀልም ልጆቹን በፕላኔታቸው መጥራት ጀመሩ። «ቬነስ! የጫማሽ ማሰሪያ ተፈቷል!» ከተማው ጉድ አለ። ባለሱቁ ጋሽ ሱሩር አንድ ቀን ሱቁን ለጎረቤት ሰጥቶ እየተንደረደረ መጣ።

«እትዬ ብርቅዬ፣ ልጄን ዩስራ ብዬ ስም አውጥቻለሁ። ፕሉቶ ምንድነው? የውሻ ስም ነው የሚሉኝ አሉ።»

«ማነው ያለው? የመጨረሻዋ ፕላኔት ናት።»

«ለምን የመጨረሻ? ልጄ ከክፍሏ ሦስተኛ ናት!»

አስቀምጠው መንገዱን አስረዱት። ፀሐይ ይሄ ክፍል ቢሆን፣ መሬት እዚሁ ገበያው ጋ ናት። ከዚያ ወዲያ ያሉት በየሩቁ ከተማ ናቸው፤ ዩራነስ ሺሺንዳ፣ ኔፕቲዩን ዋጫ፣ ፕሉቶ ቢታ ገነት። ጋሽ ሱሩር ትንሽ አሰበና «ቢታ ገነት ደንበኛ አለኝ፣ ደህና ሰፈር ነው» ብሎ ረክቶ ሄደ።

ክፍሉ ሞላ። እትዬ ብርቅዬ አንድ ገጽ ሲገለጥ አንድ ፀጉር ይሸብታሉ፣ ግን ቻሉት። የበላይ አካል ሐሙስ ሊመጣ፣ ማክሰኞ ዩስራ እያለቀሰች ገባች። በእጇ የስኳር መጠቅለያ ይዛለች። አባቷ ስኳር የሚቋጥርበት የሁለት ወር ጋዜጣ ነው። «ፕሉቶ ከፕላኔትነት ተሰረዘች» ይላል።

«እትዬ፣ አባረሩኝ።»

እትዬ ብርቅዬ ወረቀቱን ከነስኳሩ አነበቡት። «መጽሐፌ ዘጠኝ ናቸው ይላል» አሉ፣ ግን ድምፃቸው ቀጥ አላለም። ሳምሶን ሲሰማ ያን ለት ፊቱ በራ። «የተሳሳተ ትምህርት ነው ለካ የሚሰጠው! ለእንግዶቹ ይነገራል።» ወዲያው ሰው ጠርቶ ሶፋውን በረንዳ አስወጣው። እኔ ደግሞ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ለራሴ አሰብኩ። ነገ ማንን ነው የማስመስለው?

እትዬ ብርቅዬ ረቡዕ ሙሉ ያንን ጋዜጣ ለልጆቹ ሲያስነብቡ ዋሉ። ማታ ሲወጡ «ይገመገማል» አሉኝ።

«ማን?»

«ፕሉቶ ነዋ። ሰው ሳይገመገም ይባረራል እንዴ?»

ሐሙስ አቶ ተድላ የሚባሉ ከላይ የመጡ ሰውዬ፣ ደብተር ይዘው ከሳምሶን ጋር ገቡ። ፕላኔቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ጁፒተር የሆነው ሚንሃጅ ሰብሳቢ ነው፤ ስብሰባ መምራት ከየት እንደተማረ እንጃ፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል።

«አጀንዳችን አንድ ነው። በፕሉቶ ላይ ሂስ ያለው?»

ኔፕቲዩን እጁን አወጣ። «መስመሯን አትጠብቅም። የኔ መንገድ ውስጥ ትገባለች።»

«ከጨረቃ ታንሳለች» አለች መሬት።

«ሰፈሯን አላጸዳችም» አለ ማርስ፣ ያ ባለ ጥፍሩ! «ፕላኔት አካባቢውን ማጽዳት አለበት፣ ጋዜጣው ብሏል።»

«ፕሉቶ፣ ግለ ሂስ።»

ዩስራ ተነሳች። ሻርፗን አስተካከለች። «ሰፈሬን ባለማጽዳቴ ሂሴን እቀበላለሁ። ግን ፀሐይን ከመዞር አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። አንድ ዙር ሁለት መቶ አርባ ስምንት ዓመት ይፈጅብኛል፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው። ሙቀትም አይደርሰኝም። እንዲያም ሆኖ እዞራለሁ።»

አቶ ተድላ ደብተራቸውን አጠፉት። «ቆይ ቆይ። ሲሰርዟት እሷ ተገኝታለች?»

«አልተገኘችም ጌታዬ» አለ ጁፒተር።

«የት ነው የምትኖረው?»

«ቢታ ገነት» አለች ዩስራ፣ በእትዬ ብርቅዬ ልኬት መሆኑ ነው።

ሰውዬው ከወንበራቸው ብድግ! ለካ የቢታ ገነት ተወላጅ ናቸው። «አወቅሁት! ሩቅ ስለሆነች ነው አይደል? ትንሽ ስለሆነች! እኛን ሁሌ እንዲህ ነው!» ግንባራቸው ላይ ላብ መጣ። ሳምሶን ምስኪን ጊዜው አልገባውም፣ ጎንበስ ብሎ ሹክ አላቸው፤ «ክፍሉም ያው ጠባብ ነው፣ ከዋናው ሕንፃም ይርቃል፣ እንግዳ መቀበያ ልናደርገው...»

«አንተም ልትሰርዝ ነው?» ብለው ጮኹበት። ጁፒተር እስክሪብቶውን ጣለ።

ክፍሉ ተረፈ። ሶፋው በረንዳ ላይ ዝናብ ሊመታው ሲል፣ ሌላ ቦታ ስለጠፋ እዚያው መጽሐፍ ቤት ገባ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ሊቀመጡበት ሲሮጡ፣ እትዬ ብርቅዬ ከጠረጴዛቸው ሳይነሱ፦

«በዓይን!»

ፕሉቶን በተመለከተ፣ ዝርዝሩ ላይ ስሟን በቀይ ሰርዘዋል፤ ጋዜጣ ጋዜጣ ነው። ኮረሪማዋን ግን ከኮርኒሱ አላወረዷትም። «ትዙር» አሉ።

ባለፈው መምህራን ክበብ ቆሜ «በዓይን!» እያልኩ ሳስቃቸው፣ ሳቁ ድንገት ጸጥ አለ። ዞር ስል እትዬ ብርቅዬ ከኋላዬ። መሬት ብትውጠኝ ምናለ! ከሰዓት ልጠርግ ስገባ ጠረጴዛቸው ላይ ያ ባለ ሥዕል የፕላኔት መጽሐፍ ተቀምጧል።

«ሰባተኛ ላይ ነው ያቆምሽው?» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

መጽሐፉን ወደኔ ገፋ አደረጉና ባልዲውን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ታጠቢ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከ ክርኔ ድረስ ታጠብኩ። ከሶፋው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ከሜርኩሪ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ቬነስ ጋ ደረስኩ። ገጹን ለመግለጥ ጣቴን ወደ አፌ ሳስጠጋ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፦

«ምላስሽን!»