ጋሽ ይጠና እና የፖሊሽ ማሽኑ

የመሣሪያ መሸጫ ሱቅ የከፈተ ሰው ሁሉ አንድ የማይገዛ ደንበኛ አለው። እስካሁን ካልመጣበት መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ይህ ደንበኛ ሌባ አይደለም፣ ሥራ ፈትም አይደለም፣ ገንዘብም አልቸገረውም። እንዲያውም ከገዢዎቹ ሁሉ ጨዋው እሱ ነው። ሰላምታው ረጅም ነው፣ ጥያቄው ከሰላምታው ይረዝማል፣ ሲወጣ ግን እጁን እያወዛወዘ ነው። ለምን ቢባል ነገሩ ገና አልተጠናማ።

ከወንድሟ ጋር መዶሻና መሰርሰሪያ፣ የመኪና ሳሙናና ፖሊሽ የምትሸጠው ባለሱቅ ዕድሏ የወጣው ሐሙስ ላይ ነው። በየሐሙሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲል አንድ ኮት የለበሱ፣ ጫማቸው የሚያበራ አዛውንት ይገባሉ። ወንድሟ ገና በሁለተኛው ሳምንት «ጋሽ ይጠና» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ እሱው ጸደቀ።

ክቡርነታቸው ስለ ጥናት ታሪካቸው ሲያወሩ አያፍሩም። ጃንጥላ ሊገዙ ሲያጠኑ ዝናቡ አባርቶ አልቆባቸዋል። የወጥ ቤታቸው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ አዲሱ ቧንቧ ተጠንቶ እስኪያልቅ ሦስት ባልዲ ተቀያይሯል። ባልዲዎቹን ያለ ምንም ጥናት እየሮጡ የገዙት ባለቤታቸው ናቸው።

አሁን በእጃቸው ያለው ጉዳይ የመኪና ቀለም የሚወለውል የፖሊሽ ማሽን ነበር። ጥቁር ሰማያዊ፣ ዕድሜ ጠገብ መኪና አለቻቸው። ኮፈኗ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ክብ ክብ ጭረት ይታያል አሉ። ምን ነካት ብላ ባለሱቋ ስትጠይቃቸው «ፀሐይ ነው፣ ልጄ» አሉ። ፀሐይ ክብ እየሠራች እንደማትቧጭር ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ግን ሽማግሌ አይመረመርም ብላ አለፈችው።

ሁለት ማሽን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ይሄኛው ባለበት ይሽከረከራል፣ ጋሼ። ኃይለኛ ነው፣ ጭረቱን ቶሎ ያነሳል። ግን አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆየ ቀለሙን ያቃጥለዋል።»

«ያኛውስ?»

«ያኛው እየዞረ ወዲህ ወዲያም ይወዛወዛል። ሥራው ቀስ ያለ ነው እንጂ ቀለም አይጎዳም።»

«እጅ ላይስ?»

«እጅ ላይ ምን?»

«ለያዘው ሰው እጅ እንዴት ነው?»

«ያው ማሽን አይደል፣ ያንቀጠቅጣል። የመጀመሪያው ይሻላል፣ እሱ ለስላሳ ነው።»

ጋሽ ይጠና ሁለቱን ማሽኖች እያፈራረቁ ብዙ አዩና «በይ ጻፊልኝ» ብለው በግራ እጃቸው ደብተር ዘረጉላት። እሷም ጻፈች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለሱቋ ሳትሾም ሳትሸለም የክቡርነታቸው ጸሐፊ ሆነች። የማሽኑን ክብደት፣ የገመዱን ርዝመት፣ በባትሪ የሚሠራው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ የስፖንጁን ልስላሴ፣ ሁሉንም በእሷ እጅ አስጻፉ። ለመጻፍ እንኳ የሚኮሩ ሰው ናቸው ብላ በልቧ አምታቸዋለች።

በሦስተኛው ወር በቃል አልረካ አሉና የመኪና በር ይዘው በታክሲ መጡ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያገኙት፣ መስታወት የሌለው ቀይ በር ነው። የታክሲው ሾፌር በሩን አውርዶ ከሱቁ ደጃፍ ግድግዳ ላይ ሲያስደግፈው መንገደኛው ተሰበሰበ። አንዱ «ቀሪው መኪና መቼ ይመጣል?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ይጠና ግን ለቀልድ ጊዜ አልነበራቸውም። ማሽኑን ለወንድሟ አስያዙትና ግማሹን በር በአንደኛው፣ ግማሹን በሌላኛው እንዲወለውል አዘዙት። እሳቸው ብረቱን በግራ እጃቸው እየዳበሱ ሙቀቱን ይለካሉ፤ ቀኝ እጃቸው ከኮት ኪስ አልወጣም። ወንድሟ እስከ ምሳ ሰዓት ሠራ። በሩ እንደ አዲስ ሆነ።

«እህስ፣ ጋሼ፣ የቱ ይሁን?» አለ ላቡን እየጠረገ።

«ጥሩ ነው። ይጠና።»

ያን ቀን ወንድሟ እህቱን ወደ ጓዳ ጎትቶ አስገባት። «ሴት ልጅ ሲያጭ እንኳ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ወይ ይግዙ፣ ወይ ደመወዝ ቆርጠን እንቅጠራቸው።»

ሁለተኛው ሐሳብ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ጋሽ ይጠና በሰባት ወር ውስጥ ሊቅ ሆነው ነበር። ሌላ ገዢ ማሽን ሊያይ ከገባ ባለሱቋ አፏን ሳትከፍት እሳቸው ይቀበሉታል። «ለጀማሪ እሱን አትንካ፣ ልጄ፣ ቀለም ይፈጅብሃል። ያኛውን ውሰድ፤ በትንሽ ቦታ ጀምር፤ ቶሎ ቶሎ ስፖንጁን አጽዳ፤ ጠርዝ ላይ ተጠንቀቅ፣ እዚያ ቀለሙ ስስ ነው።» ሰውየው ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ማሽኑን አቅፎ ይወጣል። እሳቸው አልገዙም እንጂ የእሳቸውን ምክር ሰምተው የገዙ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ።

አንድ ሐሙስ ቀሩ።

በሦስት ሰዓት በእሳቸው ቦታ አንዲት ቀጠን ያሉ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ እናት ገቡ። ባለሱቋ ወንበር ሳበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«የኔ ሰውዬ ደብተር ይዞ የሚመጣው እዚህ ነው አይደል? ዛሬ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው፣ እሱ ሳያይ ነው የመጣሁት። ማሽኑን ስጪኝ፣ ልጄ።»

«የትኛውን፣ እትዬ?»

«እሱ የመረጠውን።»

«እሳቸው እኮ አልመረጡም።»

እትዬ በረጅሙ ተነፈሱና ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩን እንዳለ ተናገሩት። ባለፈው ዓመት ጋሽ ይጠናን ስትሮክ መትቷቸው ስድስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። መኪናዋ ዛፍ ሥር ቆማ ወፍ ተጫወተባት። ሊወጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ባለቤታቸው በደስታ ሲሯሯጡ፣ በንጹሕ መኪና ሊቀበሏቸው አሰቡና ኮፈኗን በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ ያውም በሻካራው ጎኑ፣ ፈገፈጓት። እርጥብ ሳለች ምንም አልታየም። ስትደርቅ ጉድ ሆነ።

«ጋራዥ ወሰድናት። ቀለም ቀቢው ሰው ሁሉ ባለበት ‹ይሄን ያደረገ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው?› አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ቀድሞኝ ‹እኔ ነኝ› አለ። በዚያች በሰላላ ድምፁ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ጋራዥ አናስገባትም፣ በገዛ እጄ ነው የማነሳው ብሎ ማለ። እኔም ከዚያ ወዲህ ያቺን መኪና አልነዳሁም። ዓይኔ ኮፈኗ ላይ ሲያርፍ ቁልፉን መልሼ አስቀምጣለሁ። እሱ ደግሞ በዚህ እጁ መንዳት አይችልም። ስለዚህ ቆማለች። እሱ በታክሲ፣ እኔ በአውቶቡስ።»

«በየትኛው እጃቸው?»

«በቀኙ። ሻይ እንኳ በግማሽ ብርጭቆ ነው የምቀዳለት፣ እንዳይደፋበት። አልነገረሽም?»

ባለሱቋ ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። አንዱ ማሽን ለስላሳ ነው፣ ግን የሚንቀጠቀጥ እጅ ቢስት ቀለሙን ያቃጥላል። ሌላው ቀለሙን አይጎዳም፣ ግን ደካማ እጅ አይችለውም። ሰባት ወር ሙሉ ሰውየው አንዲት የማትገኝ ማሽን ሲፈልጉ ነበር። ቢሳሳቱ ደግሞ ኮፈኗ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፤ ሚስታቸው «እኔ የጀመርኩት ነው» ብለው ራሳቸውን ሌላ ዓመት ይቀጣሉ። እሷ ግን ኩራት መስሏት ስታማቸው ከረመች። አፈረች፤ ከልቧ አፈረች። የማሽኑን ዋጋ ተቀብላ፣ የቤታቸውን አድራሻ ጠይቃ፣ «ሐሙስ እኛው ይዘነው እንመጣለን» ብላ እትዬን ሸኘቻቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሱቁ ጠዋት ሳይከፈት ቀረ። ባለሱቋና ወንድሟ ቀለም የማይጎዳውን ማሽን ይዘው እነ ጋሽ ይጠና ደጅ ደረሱ። ጋሽ ይጠና በሩን ከፍተው፣ ማሽኑን አይተው፣ ሚስታቸውን አዩ።

«ገና እኮ…» አሉ።

«ተጠንቶ አልቋል፣ ጋሼ» አለች ባለሱቋ። «እጀታው ሁለት ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ይያዝ የሚል ነገር ደብተርዎ ላይ አልጻፍኩም።»

ጋሽ ይጠና ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የኋለኛውን እጀታ ያዙበት። እትዬ ፈራ ተባ እያሉ የፊቱን ያዙ፤ ሌላውን እጃቸውን ደግሞ በባላቸው እጅ ላይ ደረቡት። ወንድሟ ሶኬቱን ሰካ። ማሽኑ ሲነሳ የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ መለየት አልተቻለም።

«ቀስ፣ ቀስ በይ። አትጫኚው። አሁን ወደኔ» ይላሉ ክቡርነታቸው።

«አንተ አትጫነው እንጂ፣ እኔማ እያየሁ ነው።»

የመጀመሪያዋን የመዳፍ ስፋት ያህል ጠርገው ሲያዩ ጭረቱ የለም። እትዬ ጎንበስ ብለው ከጎን አዩት፣ ከፊት አዩት፣ በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ እጀታውን መልሰው ያዙ። እስከ ቀትር ኮፈኗ ተገባደደች። የቀረው ጠርዙ ላይ ያለ፣ የጣት ርዝመት የሚያህል ጭረት ብቻ ነበር። ወንድሟ ማሽኑን ሊያስጠጋ ሲል ጋሽ ይጠና ከለከሉት።

«እዚያ ቀለሙ ስስ ነው። አይነካም።»

ሁሉም ወደ እትዬ ዞሩ። እትዬ ጭረቱን አተኩረው አዩትና፣ ያ ሁሉ ወር ያልተሰማ ሳቅ አመለጣቸው።

«ይቅር በቃ። እሱ የኔ ፊርማ ነው።»

እጃቸውን ታጥበው ቁልፉን ከቤት ይዘው ወጡና መሪው ጋ ተቀመጡ። ሱቃችሁ ድረስ ሳላደርሳችሁ አትሄዱም ብለው ባለሱቋንና ወንድሟን ከኋላ አስገቡ። ጋሽ ይጠና ከፊት ገብተው ኮፈኗን በመስታወቱ ውስጥ ያያሉ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ባለሱቋ ግን አንድ ሐሳብ ያዛት። ማሽኑ ተገዛ፣ ጥናቱም አለቀ። ከእንግዲህ ሐሙስ በሦስት ሰዓት ማን ይመጣል? ከገዙላት ደንበኞች ሁሉ ይልቅ ያልገዙላትን እኚህን ሰው ትወዳቸው ኖሯል፤ እሷም ገና አሁን ነው ያወቀችው።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ግን እንዳይቀሩብኝ» አለች።

ጋሽ ይጠና መልስ ሲያሰላስሉ እትዬ ማርሽ አስገቡ።

«አይቀርም» አሉ። «እኔ ራሴ አመጣዋለሁ።»