የውሃውን ሰልፍ ያጠፋው መምህር

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየታክሲው፣ በየልቅሶ ድንኳኑ «ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለመቀሌዋ ሰፈር ለዓዲ ሓቂ የደረሳት ክቡር መምህር ገብረሃንስ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረው አልጎሪዝም ነው፤ ማለትም አንድን ሥራ በትንሹ ድካም የመጨረስ ብልሃት። ችግሩ ትምህርቱን ክፍል ውስጥ ጥሎ አለመውጣቱ ነው። ሮማናት አደባባይ ላይ ታክሲ ሲይዝ ሾፌሩን «በዚህ ብትታጠፍ ሁለት ደቂቃ ታተርፋለህ» ይለዋል፤ ሾፌሩ ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። የሥራ ባልደረባው ለተመድህን ስታገባ የሠርግ መኪኖቹን ጉዞ እንዲያወጣ አደራ ቢሰጡት፣ የሙሽሪትን አክስት ቤት «ከመስመር የወጣ ነው» ብሎ ሰረዘው። አክስትየዋ ደግሰው እስከ ማታ ደጅ ደጁን ሲያዩ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ የጠራው የለም። በመምህራን ክበብም እሱ ወንበር ሲስብ ሌላው ሰዓቱን ያያል።

እቤትም የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፤ እራቱን ቆሞ ይበላል። በዚያ ቤት የሚሻሻል ነገር አልቀረም።

ሰው የሚያገኘው ውሃ ሰልፍ ላይ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ለሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በአስር ቀን አንዴ ነው፤ ያም ቢሆን የላይኛው ረድፍ ቤቶች አይደርስም። የላይኛው ረድፍ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ታች ቦኖው ጋ ይሰለፋል። ገብረሃንስ ሁልጊዜ የሚቆመው ከወይዘሮ ሳሊሃ ኋላ ነው። ሳሊሃ ከወሎ መጥተው ሃያ ዓመት ወሎና መቀሌ እየተመላለሱ ጨርቅ የነገዱ ባልቴት ናቸው። እሱ በትግርኛ «ኣደይ»፣ እናቴ፣ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስለ ልጆቻቸውና ስለሚያማቸው ወገባቸው ያጫውቱታል።

አንድ ቀን ጀሪካን ሲያነሱ ወገባቸውን ያዛቸውና መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ።

«አብሽር፣ ይለቀኛል» አሉት። ፊታቸው ግን አመድ መስሎ ነበር።

በማግስቱ ገብረሃንስ ማስመሪያና ደብተር ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። የእያንዳንዱን ቧንቧ ስፋት ለካ፤ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ሣለ። ሰፈሩ ትልቅ የውሃ ታንከር ሊያስተክል ተስማምቶ ነበር። እሱ ስብሰባው ላይ ተነሣ።

«ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ። የቱንም ያህል ውሃ ብታመጡ፣ የሚያልፈው ጠባቡ ቦታ የሚያሳልፈውን ያህል ነው። ጠባቡ ደግሞ አንድ ቦታ ነው፤ አቶ ኣታኽልቲ አጥር ሥር።»

ኣታኽልቲ ቱግ አሉ። «ስማ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የሰው ሠርግ ማበላሸትህ አንሶ አጥሬን ልታፈርስ?»

«ውሃው ካልመጣ አጥሩን በእጄ መልሼ እገነባዋለሁ» አለ።

ተቆፈረ። ዝገት የበላት፣ ጣት የማታስገባ አጭር ቧንቧ ወጣች፤ በሰፊ ተተካች። በሚቀጥለው የውሃ ተራ የላይኛው ረድፍ በእልልታ ቀለጠ። ኣታኽልቲም እጁን ጨብጠው «የቐንየለይ፣ መምህር» ብለው አመሰገኑት።

ሰልፉም ቀረ። ሁሉም በሩን ዘግቶ እቤቱ ይቀዳል። ገብረሃንስ ባልዲውን ሞልቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከተማሪዎቹ በቀር ያናገረው ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሳሊሃ ናቸው።

«መምህር፣ ለዒድ ወሎ ልሄድ ነው። ሰባት ዘመድ መጠየቅ አለብኝ፤ ሰባቱም የተለያየ ቦታ ነው ያሉት። ከማን ልጀምር?»

ዓይኑ በራ። «ቅደም ተከተሉ አምስት ሺህ አርባ ዓይነት ነው። ይሄ እንደ ውሃው አይደለም፤ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ፈጣን ዘዴ ያገኘ ሰው እስካሁን የለም። ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ ኣደይ።»

«ጊዜማ ሞልቶኝ!» ብለው ወንበር ሳቡ።

ያኔ ገባው። ሃያ ዓመት በዚያ መንገድ የተመላለሱ ሴት መንገድ ጠፍቷቸው አልነበረም የመጡት። ገብረሃንስ አንገቱን ደፍቶ ደብተሩን ገለጠ።

«የመጀመሪያው ዘመድ ማን ነው?»

«እህቴ ኡሙሀኒ። ቆይ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጥና መጀመሪያ ስለ እሷ ላጫውትህ።»