እትዬ ቬሊካና ብዥ ያሉት መብራቶች

«ነፍስ ይማር» አለ የጭስ መውጫ ጠራጊው ፔንቾ፣ ቆቡን አውልቆ አራት ነጭ አበባ ደረቱ ላይ እንዳቀፈ።

«የማንን?» አለች በሩን የከፈተችለት ጎረቤቴ እትዬ ቬሊካ፣ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት እንደሆነ።

ፔንቾ አያት፤ በሯ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አየ፤ እንደገና እሷን አየ። «የ… ያንቺን ነበር፣ እትዬ።»

«ደግሞ አራት አበባ! በቁሜ በጥንድ ታመጣልኛለህ? በል አንዱን ጣልና ግባ።»

በኛ ከተማ ለሞተ ሰው አበባው በጥንድ ነው፣ በሕይወት ላለ በጎዶሎ። ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የፔንቾ አልነበረም፤ የጥበብ ነበር።

ጥበብ ወደ ከተማችን የገባችው በባህል ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣ በአቶ ኦግኒያን በኩል ነው። አቶ ኦግኒያን ዋና ከተማችን ሶፊያ ሄደው አጭር የፎቶ ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ፣ እስከዚያ ድረስ በጨለማ ስንኖር መቆየታችን ተገለጸልን። ማዘጋጃ ቤቱ ገና በመጣ ቁጥር አደባባዩ ላይ አምፖል ይሰቅላል፤ እኛም ጅሎቹ ቆመን እናየዋለን። አቶ ኦግኒያን ግን ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «የበዓል መብራትን ውበት በአግባቡና ቀጣይነት ባለው መልኩ ለማሳየት፣ መብራቱ እንዳይታይ ማድረግ ያስፈልጋል» ሲሉ አስገነዘቡ። ካሜራው የሚነሣውን ሰው ፊት ጥርት አድርጎ ይይዛል፤ ከኋላ ያለው አምፖል ሁሉ ብዥ ይልና ሾርባ ላይ እንደሚንሳፈፍ ዘይት ክብ ክብ ይሆናል። ጉባኤው አጨበጨበ። ያልገባን ሰዎች ጠንከር አድርገን አጨበጨብን።

ለመጀመሪያው ፎቶ የተመረጠችው ቬሊካ ነች። አይብ በስስ ሊጥ እየጠቀለለች የምትጋግረውን ባኒጻ፣ በገና ገበያ ከምንጩ አጠገብ ባለችው ዳሷ ስትሸጥ የማያውቃት የለም። የክረምት ማገዶዋ የሚገዛውም ከዚያችው ዳስ ነው። አቶ ኦግኒያን ለባሏ ሐዘን ያሰረችውን ጥቁር ሻሽ ከሣጥን አስወጥተው አሳሰሯት፣ እጆቿን አጣምራ ወደ ሰማይ እንድታይ አደረጓት፣ ቀለም ጥበብን ይሻማል ብለውም ፎቶውን በጥቁርና ነጭ አወጡት። ከሥሩ ስሟን ጻፉና «ሁልጊዜም በልባችን ውስጥ ነሽ» ሲሉ አከሉበት። ከዚያ በየምሰሶው፣ በየዛፉና በገዛ በሯ ላይ አስለጠፉት፤ ማለትም ከአያቶቻችን ጀምሮ የሟች ፎቶ በሚለጠፍበት ቦታ ሁሉ።

ከተማው አለቀሰ። የገበያው ኮሚቴም ተነሥቶ በመቆም የኅሊና ጸሎት አደረሰና፣ እንባው ሳይደርቅ፣ ዳሷን ለከንቲባው የሚስት እህት ሰጠ፤ ሽቶ ያለው ሳሙና ትሸጥበት ዘንድ።

ገበያው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ቬሊካ እኔን አስከትላ ባህል ቤት ሄደች።

«ኦግኒያን ልጄ፣ ገደልከኝ እኮ።»

«እትዬ፣ ከኋላዎ ያለውን ብዥታ ልብ ብለውታል?»

«ሰው መንግሥተ ሰማያት ነው እያለ ነው።»

«አየህ!» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ ፊታቸው በርቶ። «ሥራው ስሜት ፈጥሯል!»

«ዳሴስ?»

«እሱ የኮሚቴው ጉዳይ ነው። ውሳኔው በኅሊና ጸሎት የጸደቀ ስለሆነ፣ ጸሎት የሚሽር መመሪያ የለንም።»

«እዚህ ፊትህ ቆሜ?»

«በግሌ በሕይወት መኖርዎን አልክድም፣ እትዬ። በመሥሪያ ቤት ደረጃ ግን…»

አቶ ኦግኒያን ያም ሆኖ ልበ ቅን ናቸው። ስህተቱን ለማረም ወዲያው ሁለተኛ ፎቶ አስለጠፉ፤ መብራቱ ከፊተኛው ይበልጥ ብዥ ያለ፣ ከሥሩም «ቬሊካ ዛሬም አብራን አለች» የሚል። ችግሩ፣ በኛ ዘንድ የሟች ፎቶ ለአርባውም ለሙት ዓመቱም እንደገና ይለጠፋል።

«ጉድ ነው!» አለች አንዲት ሴትዮ ምሰሶው ሥር ቆማ። «ሳምንት ሳይሞላት አርባዋን አወጡላት። ምን አስቸኮላቸው?»

ቬሊካ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም። ቤቷ ገባችና ምድጃዋን አነደደች። በማግስቱ ከደጇ፣ ከገዛ ፎቶዋ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋች፤ ባኒጻውን በትሪ በትሪ ደረደረች። የሙት ተዝካር ደጃፍ ላይ ተዘርግቶ እያየ ሳይቀምስ የሚያልፍ ሰው በከተማችን ገና አልተወለደም። ሕዝቡ ገበያውን እየተወ መጣ። ቬሊካ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ራሷ ታድላለች። የለዩዋት ዝም አሉ፤ አፋቸው ባኒጻ ሞልቶት ነበር።

«እህቷ ነሽ?» አላት ዓይኑ የደከመ አንድ ሽማግሌ።

«ከኔ የሚቀርባት የለም።»

«ደግ ሴት ነበረች። ባኒጻዋ ብቻ ጨው ይበዛበት ነበር።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛውማ ግሩም ነው። እሷ በኖረችና ከአንቺ በተማረች!»

ይህን ብሎ «ለሻማ» በማለት ገበያ ላይ ከሚከፍለው አብልጦ ትቶ ሄደ። ከሙት ጋር በዋጋ የሚከራከር የለምና ሌላውም እንደሱ አደረገ። የክረምቱ ማገዶ ከሰዓት በፊት ተሟላ፤ ከምንጩ አጠገብ ያለው ሳሙና ብቻውን ሲሸት ዋለ።

ይሄኔ ከንቲባው አቶ ኦግኒያንን አስከትለው መጡ። ጣጣ መጣባት ብለን ፈራን። ከንቲባው ሰልፉን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሰው ስለ ቬሊካ የሚያወራውን ሰሙ። ሁሉም ደግ ደጉን ነው የሚያነሣላት። በሥልጣን ዘመናቸው ስለ ራሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ምርጫው ደግሞ ለጸደይ ነው።

«እትዬ ቬሊካ፣ ዳስዎ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ተመልሶልዎታል» አሉ። ከዚያ ክራቫታቸውን አስተካክለው ወደ አቶ ኦግኒያን ዞሩ። «እኔንም ልክ እንደሷ አድርገህ አንሣኝ። ሻሹ ይቅር። በየምሰሶው ይለጠፍ።»

«ጥቁርና ነጭ፣ ክቡር ከንቲባ?»

«ጥቁርና ነጭ።»

«ከኋላ መብራቱም ብዥ ይበል?»

«በደንብ ይበል እንጂ!»

ቬሊካ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ክቡር ከንቲባ» አለች፣ «ለፔንቾ ምን ብዬ ልንገረው? አበባውን በጥንድ ያምጣ ወይስ በጎዶሎ?»