የአጎቴ ትከሻና ሦስተኛው ማስረጃ

ሰው ዳገት ሲወጣ ጨዋታ ከያዘ ዳገቱ ያጥርለታል አይደል? እግሩ ያው እግር፣ ዳገቱም ያው ዳገት ነው። ታዲያ ድካሙ የት ሄደ? እኔን እንዲህ ያለው ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል።

አራዳ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ አነባለሁ፤ ያነበብሁትን ደግሞ ለሰው ሳላስረዳ አላድርም። ተማሪ የለኝም፤ ዘመድ ግን ሞልቶኛል።

ባለፈው ሰኔ አጎቴን አያ ሞላን ልጠይቅ ከከተማ ወደ ደጋው ወደ ኮሶዬ ወጣሁ። ደጃቸው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ለካ በቅሏቸው ጭቃው አንሸራትቷት ጥላቸው ቀኝ ትከሻቸው ወልቋል። የገብስ ዘር ደርሷል፤ እርፍ የሚይዝላቸው ልጅ የላቸውም። ትከሻው ቶሎ ካልገባ ያብጣል፤ ማሳውም ጦሙን ያድራል።

አያ ደርሶ የሚባሉት ወጌሻ መዳፋቸውን ቅቤ ቀብተው ተቀምጠዋል። እጃቸው በተጠጋ ቁጥር አጎቴ እንደ ግንድ ይደርቃሉ።

«ሰውነትህን ፍታው እንጂ ሞላ፤ ከተገተረ አጥንቱ አይገባልኝም» ይላሉ ወጌሻው።

«ምነው፣ እኔ ገተርሁት? እሱው ራሱ ነው» ይላሉ አጎቴ።

ይህን ሰምቼ ዝም ልበል? «አያ፣ ሥጋ ሌላ፣ አእምሮ ሌላ ነው» ብዬ ጀመርሁ። ሥጋ የስልክ ቀፎ ነው፣ አእምሮ ደግሞ ሲም ካርዱ፤ ቀፎው ቢሰበር ሲሙ ምን ገዶት?

«እንግዲያው ሲሜን አውጣና ኪስህ ክተተው፤ ቀፎውን ደርሶ ይጠግነው» አሉኝ አጎቴ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ሲባል አልሰማህም? ትከሻዬን የነካ እኔኑ ነው የነካ።»

ሸጋ መልስ ነው። እኔ ግን በሸጋ መልስ የምመለስ ሰው አይደለሁም። ሦስት ማስረጃ አለኝ አልሁ። አንደኛው፣ ተኝቶ ሳለ ዳዊት ስለሚደግም የቆሎ ተማሪ ነው። እዚህ ላይ አጎቴ ሁለት ጊዜ ተከራከሩኝ። ሁለተኛው፣ እግሩ ተቆርጦ የሌለውን ጣቱን ስለሚያሳክከው ሰው ነው። እዚህ ላይ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ከዚያ ዓይናቸው አጥሩ ሥር የምትጭረው ዶሮ ላይ ቀረ። አዛጉ። ትከሻቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ።

ዋናው ሦስተኛው ነበር። «ሦስተኛው...» ከማለቴ ከወጌሻው መዳፍ ሥር አንድ ነገር ቋ አለ።

አጎቴ ባነኑ። «አሁን ምን አደረግህ፣ ደርሶ?» አሉ። ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሡት፤ ተነሣላቸው።

እኔ ደግሞ ደስታውን ትቼ ክርክሬን ያዝሁ። «አያ፣ አጥንቱ ሲገባ አእምሮዎ የት ነበር? ከሥጋዎ ተለይቶ ነበር ማለት ነው። ረታሁ!»

«እኔ ምን አውቄ» አሉ ክንዳቸውን እያሹ። «አንተ ማስረዳት ስትጀምር ነው ጥሎኝ የሄደ።»

ገብሱ በጊዜው ተዘራ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው አጥንቱ በወለቀ ቁጥር አያ ደርሶ ይደውሉልኛል። «ቶሎ ና፣ ያን የአእምሮ ነገር የሚያስረዳልን አጥተናል» ይላሉ። እሄዳለሁ። አስረዳለሁ። አጥንቱም ይገባል።

ሦስተኛውን ማስረጃ ግን እስካሁን የሰማ ሰው የለም።