ለእመት ጉሬዛ እግር የተሮጠው ሩጫ

ተረት ልነግራችሁ ነውና ጠጋ በሉ። ድሮ፣ እንስሳት ኮሚቴ ማቋቋምን ከሰው በተማሩ ሰሞን፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ እመት ጉሬዛ የምትባል የዝላይ ጌታ ነበረች። ከዋንዛው ወደ ዝግባው ስትወነጨፍ ነጭ ጭራዋን ለማየት ብለው ግጦሽ የሚያቆሙ ነበሩ። አንድ ቀን የጨበጠችው ቅርንጫፍ ደርቆ ኖሮ ቀጭ አለና በጀርባዋ ወደቀች። ከወገቧ በላይ ደህና ናት። ከወገቧ በታች ግን እግሮቿ የሌላ እንስሳ እግር የሆኑ መሰላት፤ ብትቆነጥጣቸው አይሰሙ፣ ብትቆጣቸው አይታዘዙ።

ጠያቂው ሁሉ መድኃኒት አዘዘላት። ቅቤ ተቀቢ ያላት አለ፣ ፍልውሃ ግቢ ያላት አለ። መጨረሻ ላይ አያ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ አለና ወገቧን በጺሙ ዳበሳት። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ የሚያነበው በጺሙ ነው።

«እግርሽ እኮ ምንም አልሆነም» አላት።

«ታዲያ ለምን አይሄድም?»

«መልእክት ስለማይደርሰው ነዋ። ስሚኝ፣ የጀርባ አጥንት እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት ነው። በዚያ ክፍት ውስጥ ሕብለ ሰረሰር የሚባል ለስላሳ ገመድ ከአንጎል ይወርዳል። አንጎል ‹ዝለል› ሲል ትእዛዙ በዚያ ገመድ አልፎ ነው እግር ጋ የሚደርሰው። ያንቺ ወገብሽ ላይ ተጎድቷል። አንጎልሽ ይጣራል፣ እግርሽ አይሰማም።»

«ገመድ ከሆነ ይቋጠራ።»

«ቢቋጠርማ ምን ነበረበት። ግን እንሽላሊትን አይተሻታል? ጭራዋ ሲቆረጥ ሌላ ታበቅላለች፤ በውስጡም ገመድ አብሮ ያድጋል። እኛ ያቃተንን እሷ በምን ቻለችው? እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

አያ ፍልፈል አንድ ኮረብታ ሥር በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ፣ ጭራቸው የተቆረጠ ሰባት እንሽላሊቶች በፈቃዳቸው አብረውት ይኖሩ ነበር። በየጠዋቱ አዲሱን ጭራ በጺሙ ይለካል። ችግሩ አፈሩ ከደረቀ እንሽላሊቶቹ አይቀመጡም፤ እሱ ደግሞ ውሃ ፍለጋ ቢወጣ ጭልፊት አለ።

«እስከ ክረምት ካቆየኋቸው ምስጢሩን እደርስበት ይሆናል። ያኔ ላንቺ መሞከር እንጀምራለን። ቃል ግን አልገባልሽም» አላት።

እመት ጉሬዛ ከጠያቂዎቿ ሁሉ ቃል ያልገባላት እሱ ብቻ ስለሆነ አመነችው። በእጆቿ እየተጎተተች ወደ ጫካው ሸንጎ ሄደች።

«ፍልፈል የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ኩምቢ ውሃ ነው» አለች።

ሰብሳቢው ጋሽ ዝሆን የራሱን ኩምቢ አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «እመት ጉሬዛ፣ ጉዳይሽን አታሳንሺው እንጂ። ለዚህን ያህል ጉዳይ ውሃ ማመላለስ ነውር ነው።»

እትዬ ሰጎን አንገቷን አስረዘመች። «ሩጫ ይዘጋጅ። ሁላችንም አረንጓዴ ቅጠል አንገታችን ላይ አስረን ለእግሯ እንሩጥላት።»

«ሩጫው ውሃ ያመጣል?» አለች ጉሬዛ።

«ግንዛቤ ያመጣል።»

«ግንዛቤ ይጠጣል?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» አለቻት ሰጎን፤ ሸንጎው ሳቀ፤ ሐሳቡም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የቅጠል ኮሚቴ ተቋቋመ። የመፈክር ኮሚቴ ተቋቋመ። «እንሮጣለን፣ ጉሬዛ እንድትዘል» የሚለው መፈክር ብቻ አሥራ አንድ ስብሰባ ፈጀ። በዚህ መካከል እመት ጉሬዛ እርጥብ ሣር በጥርሷ ነክሳ፣ በክንዷ እየተሳበች፣ በየቀኑ ኮረብታው ላይ ትወጣና አፈሩ እንዳይደርቅ ሣሩን ወደ ፍልፈል ጉድጓድ ትጥል ነበር። ክንዷ ተላጠ። የእንሽላሊቶቹ ጭራ ግን የአውራ ጣት ያህል አደገ። አንድ ጠዋት አያ ፍልፈል ከሥር ሆኖ፣ «ጭራው ውስጥ ገመዱ እያደገ ነው፣ በጺሜ ይሰማኛል» ሲላት ያን ቀን ሁለተኛ እስር ሣር አመጣች።

እትዬ ሰጎን ደግሞ የሩጫውን መንገድ ስትመርጥ ያንኑ ኮረብታ ረግጣ አየችው። «ይሄ ለእግር ይመቻል፣ አፈሩ ልስልስ ነው» አለች። ለምን እንደለሰለሰ የጠየቀ አልነበረም።

ቀኑ ደረሰ። እመት ጉሬዛን የክብር እንግዳ ብለው ኩይሳ ላይ አወጧት። ጎሾቹ ከፊት ሆነው ወደ ኮረብታው ሲታጠፉ ነገሩ ገባት።

«በዚያ አይደለም፣ ከሥር ፍልፈል አለ» እያለች ሁለት እጇን አወናጨፈች።

«እዩዋት፣ እንዴት ደስ እንዳላት» ተባባሉ ሯጮቹ። እነሱም እጅ ነሷትና ፍጥነት ጨመሩ። ጎሽ አለፈ፣ የሜዳ አህያ አለፈ፣ ከርከሮ ከነቤተሰቡ አለፈ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ዝሆን እየተንገዳገደ መጣና አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ነቅሎ አወጣው። «ለእመት ጉሬዛ ስል ጉድጓድም አልበገረኝ» አለ፤ ተጨበጨበለት።

አያ ፍልፈል አፈር በአፈር ሆኖ ወደ ኩይሳው መጣ።

«እንሽላሊቶቹስ?» አለችው።

«ነፍሳቸው ተርፏል። ግን እንሽላሊት ስትደነግጥ ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ። ሰባቱም የበቀለውን ጭራ ጥለው ሸሹ። ከእንግዲህ እኔ ጋ የሚቀመጡም አይመስለኝም።»

ይህን ሲናገር እትዬ ሰጎን ሰባቱን ጭራ ከፈረሰው ጉድጓድ ለቃቅማ ደረሰች። «ውጤት ነው» አለችና ለሸንጎው ከፍ አድርጋ አሳየች። ዳግመኛ ተጨበጨበ።

ጋሽ ዝሆን ንግግር አደረገ፤ ተሳታፊዎችን አመሰገነ፤ የከርሞው ሩጫ በዚሁ በተመቸ መንገድ እንደሚካሄድ አበሰረ። ከዚያም ወደ ኩይሳው ዞር አለ።

«እመት ጉሬዛ፣ የክብር እንግዳችን፣ ከርሞም አትቀሪብንም አይደል?»

እመት ጉሬዛ የማይሰሟትን እግሮቿን በእጇ አንስታ አስተካክላ አስቀመጠቻቸው።

«የት እሄዳለሁ ብለህ ነው ጋሽ ዝሆን» አለች። «የትም እንዳልሄድ እኮ ዛሬ እናንተው አረጋግጣችኋል።»