ፓራቤን በምርቃት

አንድ ነገር ተፈጥሯዊ ከሆነ ማንም ላዩ ላይ "ተፈጥሯዊ" ብሎ አይጽፍበትም። በጉን አስቡት። ሐሙስ ገበያ ስንት በግ ተጎትቶ ይመጣል፤ ግንባሩ ላይ "መቶ በመቶ በግ" የሚል የተለጠፈበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዝናቡስ? ጅማ ላይ ዝናብ የማይጥልበትን ወር ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ አንድም ቀን ግን "ምንም አልተጨመረብኝም" ሲል አልሰማነውም። ዝም ብሎ ያበሰብሰናል። ይህን የማወራው ጽሑፍ የበዛበት ዕቃ ስለሚያስጠረጥረኝ ነው። ለምን እንደሚያስጠረጥረኝ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ ቀስ የምለውም ታሪኩ እኔን ስለማያስመሰግነኝ ነው።

ኦርጋኒክ የሚለው ቃል ወደ እኛ አገር የመጣው ቡና ላይ ተፈናጦ ነው። ያን ጊዜ የቡና ገበሬዎችን ማኅበራት በሚያስተባብር አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ ፎርም ይዤ ወደ ጅማ ዙሪያ ገጠሮች፣ ወደ ሰቃ፣ ወደ ደዶ መንከራተትና ገበሬውን መጠየቅ ነው፤ ማዳበሪያ ትጨምራለህ? መድኃኒት ትረጫለህ? ገበሬው ሳቁን ለቅቆ "በምን ገንዘቤ?" ይለኛል። እኔም ፎርሙ ላይ "ኦርጋኒክ" ብዬ እሞላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ድህነታችንን በፈረንጅ ስም ጠርተን ለውጭ ገበያ አቀረብነው። አንድ የሰቃ ሽማግሌ ነገሩን አስረድቼያቸው ስጨርስ ጥቂት አሰቡና "እንዲያማ ከሆነ አባቴም ኦርጋኒክ ነበር፤ ሳያውቀው ሞተ" ብለው ከልባቸው አዘኑ።

ሚሌኒየሙን አክብረን ድካሙ ሳይወጣልን ደግሞ ያው ቃል ከቡናው ላይ ወርዶ ፊታችን ላይ ወጣ። ወደ አወቱ መንደራ በሚወስደው መንገድ ዳር የቁንጅና ዕቃ የሚሸጡት አቶ ተካልኝ አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ ክሬም ከአዲስ አበባ አስመጡ። ጠርሙሱ ላይ ቅጠል ተስሏል። ከቅጠሉ በላይ "ናቹራል"፣ ከቅጠሉ በታች "ኦርጋኒክ" ይላል። በሳምንቱ የሰፈራችን ሴቶች በሙሉ ማዲያት ያለባትም የሌለባትም ፊቷ ያብለጨልጭ ጀመር። መንደሩ ደግሞ ኦርጋኒክ የሚባለውን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ እንዳለው ትዝ አለው። እኔ ነኛ! ስሜ ተረስቶ "ኦርጋኒኩ" መባል ጀመርኩ። ጠርሙስ የያዘች ሴት ደጃፌ ላይ ባየሁ ቁጥር መነጽሬን አደርጋለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ አነባለሁ። ያልገባኝንም አነባለሁ። አላውቅም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ሰው "አዋቂ" ብሎ ካልጠራችሁ በቀር አይገባችሁም።

ከመጡት መካከል አዴ ረሂማ ነበሩ። አዴ ማለት እኛ ጋ እንደ ወይዘሮ ነው፤ ግን ትንሽ ሞቅ ይላል። አዴ ረሂማ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በቅቤ ነው። ከደዶ ለጋ ቅቤ ያስመጡና ከማርና ከእሬት ጋር ለውሰው ለፊትና ለጠጉር የሚሆን ቅባት ያዘጋጃሉ፤ በኮባ ቅጠል እየጠቀለሉ ገበያ ያወጡታል። ማንበብ አይችሉም፤ መዋሸትም አይችሉም። ቅቤው አንድ ቀን ካደረ "አድሯል" ብለው ሳይጠየቁ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ያን ዕለት አረንጓዴውን ጠርሙስ ከጎረቤት ተውሰው፣ በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው መጡ።

"ኢልማኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ደንበኞቼ አለቁ። ሐሙስ ሙሉ ቀን ተቀምጬ ሦስት ቅጠል ነው የሸጥኩት። ይሄ ዕቃ ማሊ፣ ምን ቢጻፍበት ነው እንዲህ ሰው የወሰደብኝ? አንብብልኝ እስቲ።"

ተቀብዬ ገለበጥኩት። ከኋላ ሠላሳ የሚያህል ስም በደቃቅ ፊደል ተደርድሯል፤ መጀመሪያው ውሃ ነው። ይህንኑ ስነግራቸው አዴ ረሂማ ዓይናቸው ፈጠጠ። "ውሃ? አወቱ ወንዝ እያለ?" አሉ። እንዲያው ለክብሬ ስል ወደ ፊት ለፊቱ ተመለስኩና ከቅጠሉ ሥር ያለችውን አንዲት መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ "ፓራቤን ፍሪ።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ፍረዱኝ። ፍሪ ማለት ነጻ እንደሆነ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አውቃለሁ። "ሁለት ሳሙና ለገዛ አንድ ፍሪ" የሚል ማስታወቂያ በዓይኔ አይቻለሁ። ያደግኩትም ገበያተኛ ሁሉ "መርቂልኝ እንጂ!" እያለ በሚጮኽበት፣ ጎመን የገዛ ያለ አንድ እፍኝ ምርቃት ከቦታው በማይንቀሳቀስበት ከተማ ነው። ታዲያ ምን ልበል? "ፓራቤን የሚባል ነገር በነጻ ይሰጣል ማለት ነው" አልኳቸው። "ምርቃት ነው።"

አዴ ረሂማ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ምስጢሩ ተገለጠላቸዋ! ውሃ ሽጦ በምርቃት ሰው መሰብሰብ የሚያውቁት ንግድ ነው።

ያኔ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን አዘንኩላቸው፤ የሚያዝንላችሁ አዋቂ ደግሞ ከጠላት የከፋ ነው። "ለእርስዎም እናድርገዋ!" አልኩ። መጀመሪያ የቡናውን ፎርም አውጥቼ ቅቤያቸው ኦርጋኒክ መሆኑን መረመርኩ። ላሟ ምን ትበላለች? ሣር። ኬሚካል የተረጨበት የጎረቤት ማሳ ውስጥ ገብታ ታውቃለች? "ላም አይደለችም እንዴ፣ ትገባለች እንጂ!" አሉኝ ገርሟቸው። እንደ ፎርሙ ቢሆን ላሟ ከኬሚካሉ እስክትጸዳ ሦስት ዓመት መጠበቅ ነበረባት፤ በአስተያየት አሳለፍኳት። ከዚያ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አሳምሬ ጻፍኩ፤ "ንጹሕ የደዶ ቅቤ። ተፈጥሯዊ። ኦርጋኒክ። ፓራቤን ፍሪ።" ፎቶ ኮፒ አበዛሁት። ልለጥፈው ስል አንድ ችግር ገጠመን። የኮባ ቅጠል ላይ ወረቀት አልጣበቅ አለ። ስለዚህ ተፈጥሯዊ መሆኑን ለመጻፍ ስንል ቅጠሉን ጥለን የላስቲክ ብልቃጥ ገዛን።

አዴ ረሂማ በላስቲኩ አልተከራከሩኝም። የተከራከሩኝ በፓራቤኑ ነው። "እኔ የለኝም። የሌለኝን አለኝ ብል ሶባ አይሆንም?" አሉ። ሶባ ውሸት ማለት ነው፤ እሳቸው ሲሉት ግን ከውሸት ይከብዳል። እኔም በቤታቸው ውስጥ ዓይኔን አዟዙሬ በላስቲክ የተቋጠረ ጥቁር አዝሙድ አየሁ። "ፓራቤን ስም ነው፣ ምርቃት ማለት ነው" አልኩ። "ከዚህ ቆንጠር አድርገው በወረቀት ጠቅልለው ይስጡ። ስሙን ፓራቤን ይበሉት፤ ማን ይጎዳል?" ቋጠሮውን አንስተው አገላበጡት። በመጨረሻ "አንተ የተማርክ ነህ" አሉኝ። ይህን ያሉት እምነት ጥለውብኝ ነበር፤ እኔ ግን ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሐሙስ ሲመጣ ገበያው ተገለበጠ። ቅቤው እስከ እኩለ ቀን አለቀ። ሴቶቹ ብልቃጡን ተቀብለው እጃቸውን አይሰበስቡም፤ "ፓራቤኔስ?" ይላሉ። ጉንፋን የያዛት በጨርቅ ቋጥራ አሸተተችው፤ ተሻላት፤ ፓራቤን ጉንፋን እንደሚያድን ተወራ። ባለቤቴ ሳትቀር ትራሳችን ሥር አስቀመጠች። በዚያው ሳምንት ደግሞ አረንጓዴ ጠርሙስ የገዙት ሁሉ አቶ ተካልኝ ሱቅ ተሰልፈው "ላዩ ላይ ተጽፎ የለ፣ ፓራቤናችንን የት አደረሱት?" ብለው አፋጠጧቸው። ምስኪኑ አቶ ተካልኝ ፓራቤን ምን እንደሆነ አያውቁም። አላውቅም ይላሉ እንዴ? "ከአዲስ አበባ ሳይልኩልኝ ቀርተው ነው፤ በሚቀጥለው ጭነት ይመጣል" አሉ። አያችሁ፣ ብቻዬን አይደለሁም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የባለቤቴ እህት ሰላም ለፈተና እየተዘጋጀች ነበርና እኛ ቤት አልመጣችም። ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ነው የምትማረው። ፈተናዋን ጨርሳ አንድ እሑድ ለምሳ ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ የአዴ ረሂማን ብልቃጥና የተጠቀለለችውን አዝሙድ አየች። ባለቤቴ ነገሩን በኩራት ስትነግራት ሰላም የጎረሰችው ትን አላት። ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ ፍሪ እዚህ ጋ 'የለበትም' ማለት ነው እኮ! ፓራቤን ክሬም ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል ነው። የማይፈልጉት ሰዎች ስላሉ 'እኛ አልጨመርንም' ለማለት ነው የሚጽፉት።"

አዝሙዷን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም፤ አረንጓዴውን ጠርሙስ አስመጣችና ታስተምረኝ ገባች። "ናቹራል" የሚለውን ማንም እንደፈለገ ሊጽፈው ይችላል አለችኝ። ፊት ለፊቱን ተወውና ጀርባውን አንብብ፤ አብዛኛውን ጊዜ በብዛት ያለው ነገር መጀመሪያ ይጻፋል፣ ለስም ያህል ጠብ ያለው መጨረሻ። እኔም በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ፊት ለፊት ጠርሙሱን የሞላው ያ ቅጠል በጀርባ በኩል ከመጨረሻው አንድ በፊት ተገኘ። ከእሱ በኋላ ያለው ቀለሙ ነው።

ሰኞ ጠዋት አዴ ረሂማ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። አልጮኹም። "አስታግፊሩላህ" አሉ ብቻ፣ ሁለት ጊዜ። ሐሙስ ሲመጣ ያንን ሁሉ ገዢ ፊት ለፊት ቆመው "ሰዎች፣ የሰጠኋችሁ ፓራቤን አይደለም፤ ጥቁር አዝሙድ ነው። ፓራቤን የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አሉ።

ገበያተኛው ምን ያለ ይመስላችኋል? "አቤት እውነተኛነት!" ያለ መሰላችሁ? "ለማን ደብቀሽው ነው?" አላቸው። አንዷ "ለባለሥልጣን ሚስቶች አስቀምጠሽው ነው" አለች። ሌላዋ ጥቁር አዝሙድማ ቤቴም አለ ብላ ብልቃጡን መለሰች። ሲዋሹ ያመኗቸው ሴቶች እውነቱን ሲናገሩ ጥለዋቸው ሄዱ። ባጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ዝም አልኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንግሊዝኛው ጠፍቶብኝ ነው" ብዬ ብጮህ ምናልባት ይሰሙኝ ነበር። ግን ኦርጋኒኩ ነኝ። እስከዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአዴ ረሂማ ጋር በአቶ ተካልኝ ሱቅ በኩል ስናልፍ ደጁ ላይ ሰው ተኮልኩሏል። መስተዋቱ ላይ በቀይ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል አዲስ ማስታወቂያ ተጽፏል። አዴ ረሂማ ክንዴን ያዙኝ።

"አንብብልኝ።"

"ፓራቤን ያለው ክሬም ገብቷል" ብዬ አነበብኩ።

"አለው?"

አዲሱን ጠርሙስ አንስቼ ጀርባውን በሰላም ትምህርት መሠረት አየሁ። አለው። በሁለት ዓይነት ስም አለው። አቶ ተካልኝ ደንበኛ የጠየቃቸውን ከአዲስ አበባ ፈልገው፣ ፈልገው አምጥተዋል። ሴቶቹም እየተጋፉ ይገዛሉ።

"አለው" አልኩ።

"እንግዲያው ተካልኝ ዱጋውን ነው የጻፈው" አሉ አዴ ረሂማ። ዱጋ እውነት ነው። ከዚያ ወደ መንገዱ ዳር ወሰዱኝና ዘንቢላቸውን አወረዱ። ያልተሸጡት ብልቃጦች ከነወረቀታቸው ተደርድረዋል። "አንተ ነህ የለጠፍከው፤ አንተው አንሳልኝ።"

ቁጢጥ አልኩና በጥፍሬ እፍቅ ጀመር። የቢሮ ሙጫ ነው፣ አይለቅም። እንደምንም ከታች ጀምሬ "ፓራቤን ፍሪ" የሚለውን አነሳሁ፤ "ኦርጋኒክ" የሚለውም ተከተለ፤ "ተፈጥሯዊ"ም ተላጠ። ከላይ "ንጹሕ የደዶ ቅቤ" የምትለው መስመር ብቻ ስትቀር እጄን ሰብስቤ ቀና አልኩ።

"አዴ፣ ይቺ እንኳን እውነት ናት። ትቅር?"

ወረቀቷን ማንበብ የሚችሉ ይመስል ትኩር ብለው አዩዋት።

"እሷንም አንሳ" አሉኝ። "ከሶባ ጋር አብራ ተለጥፋ ከርማ አሁን ማን ያምናታል?"

አነሳኋት።