ጅቡ የሚቀመጥበት ወንበር

የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ ሰውን ለመረዳት ሲደክም ኖሯል። ጠቢባን ጺማቸውን እየነጩ፣ ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ እያረጁ ያልፈቱትን ይህን እንቆቅልሽ የሰፈራችን የሕፃናት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር በሁለት ወንበር ፈቱት። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። ከባዱ ሥራ ቀለሙ እስኪደርቅ መጠበቁ ነበር።

ዘዴው እንደ ማንኛውም ታላቅ ግኝት ቀላል ነው። ቲቸር ተረት ታነባለች። ተረቱ ሲያልቅ ከጨርቅ የተሰፉት እንስሳት ከሳጥን ይወጣሉ፤ ልጆቹም ደጉን አረንጓዴው ላይ፣ ክፉውን ቀዩ ላይ ያስቀምጣሉ። አለቀ። ስሙ «የገጸ ባሕርይ ግንዛቤን በሁለትዮሽ የአቀማመጥ ስልት የማስረጽ መርሐ ግብር» ነው። ስሙን ለመጥራት የሚወስደው ጊዜ ተረቱን ለማንበብ ከሚወስደው ይበልጣል፤ ይህም የጥራቱ ምልክት ነው።

«እንጨት የሚቃናው በእርጥቡ ነው» የሚሉት ዳይሬክተሩ አንድ ወርቃማ ሕግም አክለውበታል፦ «ገጸ ባሕርይ የሚታወቀው በሚናገረው አይደለም፤ በሚሠራው ነው!» ልጆቹ ይህን በየጠዋቱ በዜማ ይሉታል። አጥንታቸው ውስጥ እስኪገባ ይሉታል። ልብ በሉልኝ፤ ኋላ መዘዝ ያመጣል።

እንዲህ የጠራ ዘዴ እያለ ነው እንግዲህ የእህቴ ልጅ የወደቀችው።

ዓይኗን ሳትከድን ሰው ላይ ስለምታፈጥ ቤት ውስጥ ጉጉት እንላታለን። የዕለቱ ተረት አህያና ጅብ አብረው ስላረሱት የገብስ ማሳ ነበር። ክረምቱን ሙሉ አብረው ለፍተው፣ ገብሱ ሲደርስ ጅብ ሆዬ ዞር ብሎ የአህያን ጆሮ ቦጨቀ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቀይ! ቀይ!» አለ። ጉጉት ግን የጨርቁን ጅብ እንደታቀፈች ቆማ ቀረች።

«አስቀምጪው እንጂ፣ የኔ ቆንጆ» አለች ቲቸር።

«ቲቸር፣ ጅብ ገብስ ይበላል እንዴ?»

«አይበላም።»

«ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ምን ሲበላ ነበር?»

ቲቸር የዘዴውን መመሪያ አገላበጠች፤ ስለ ጅብ ምሳ የሚል የለበትም።

«መጀመሪያ ምሳ እንስጠው፣ ከዚያ እናስቀምጠዋለን» አለች ጉጉት፤ ጅቡንም በሁለቱ ወንበሮች መካከል መሬት ላይ አጋደመችው።

መሬት ቀለም የለውም፤ ቀለም የሌለው መልስ ደግሞ ነጥብ የለውም። እህቴ ተጠራች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ልጅዎ ክፉና ደግ አትለይም» አሉ ዳይሬክተሩ። «በዚህ ዓይነት አንደኛ ክፍል መግባት የማይታሰብ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ጓደኞቿ ሁሉ አልፈው እሷ ብቻዋን ልትቀር?» አለች እህቴ።

«ዛሬ ለጅብ ያዘነች ልጅ ነገ ለሌባ አታዝንም ብለው ነው? ቢሆንም እኛ ጨካኞች አይደለንም። በወላጆች ቀን ሕዝብ ፊት ትፈተን። ጅቡን ቀዩ ላይ ካስቀመጠች አለፈች።»

እህቴ ያን ሳምንት ቤቱን ማሠልጠኛ አደረገችው። ትራስ ጅብ ሆነ፣ ሶፋው ቀይ ወንበር ሆነ።

«ጅብ የት?»

«ቀዩ ላይ።»

«ጎበዝ! ለምን?»

«አንቺ እንዳታለቅሺ።»

ማንም ፊደል ሳያስቆጥረኝ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ስበላ ያደግሁ ነኝ፤ ሰውን ከዚህ የበለጠ የተረዳ መልስ አላነበብኩም። ግን ዲፕሎማ ስለሌለኝ ማንም አልጠየቀኝም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም አለ። ከላይ የመጡት ተቆጣጣሪ ፊተኛው ረድፍ ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ ወረቀታቸውን ዘረጉ። «ሕፃናት የትናንት ዘሮች፣ የዛሬ ቡቃያዎች፣ የነገ አበባዎች ናቸው! የሕፃን ድምፅ ስሰማ ልቤ እንደ ቅቤ ይቀልጣል—»

ይህን ሲሉ ከሁሉም የምታንሰው ሕፃን የማይክራፎኑ ገመድ ጠልፏት ተደፋች። ድምፅ ማጉያው ሲጥ አለ።

«ማናት ይቺ ደንባራ! አውጡልኝ ከዚህ!» ወደ ቲቸርም ዞሩ። «አንቺስ ምን ተገትረሽ ታያለሽ፣ ግንድ!»

ማይክራፎን አድልዎ አያውቅም፤ ይህንንም እንደ ቅቤው ለሁሉም አደረሰ። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች።

በዚህ ጊዜ ለማሳያ ተብሎ ከፊት የተቀመጠው የክፍሉ አንደኛ ብድግ አለና ዳይሬክተሩን እጅጌያቸውን ያዘ። እሳቸውም አበባ ሊሰጣቸው መስሏቸው ማይክራፎናቸውን እንደያዙ፣ ፈገግ ብለው ተከተሉት። ወስዶ ለጉጉት ፈተና መድረኩ ላይ የቀረበው ቀዩ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ልጆቹ በዜማ ተቀበሉት፦ «በሚናገረው አይደለም፤ በሚሠራው ነው! ቀይ! ቀይ!»

ዳይሬክተሩ ሊነሱ ሞከሩ፤ ወንበሩም አብሯቸው ተነሳ። የተሠራው በሕፃን ልክ እንጂ በሥልጣን ልክ አልነበረም። ተመልሰው ተቀመጡ።

ጉጉት ከመካከላችን ወጥታ ወደ እሳቸው ሄደች። እህቴ «ጉዴ ፈላ» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

«ጋሼ፣ ምሳ በልተዋል?»

ድምፃቸው ወረደ። «ከጠዋት ጀምሮ ውሃም አልቀመስኩ።»

«ለምን?»

ተቆጣጣሪውን በጎን አዩ። «እንግዳ ይመጣል ተብሎ…»

«ፈርተው ነው?»

«ትንሽ።» ማይክራፎኑ ይህንንም አደረሰ።

«እንግዲያው ክፉ አይደሉም። ግን እሷን ይቅርታ ይበሏት።»

«ይቅርታ፣ ልጄ» አሉ ዳይሬክተሩ። ሕዝብ ፊት ያለ ወረቀት ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ደግሞም ያማረ ንግግር ነበር። ጉጉት ከጥግ ቀለም ያልነካው ዱካ ጎትታ አመጣችና «እዚህ ይሻልዎታል» አለቻቸው። ነገሩን አምኖ መቀበል ቢከብደኝም አሳዘኑኝ።

ቢሆንም ምላሴ ከእኔ ቀድማ ተነሳች። እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ አልሆነላትም።

«ጋሼ፣ ያስረዱን እስቲ። ዘዴው ልክ ከሆነ ቦታዎ ቀዩ ነው። ቀዩ ቦታዎ ካልሆነ ደግሞ ልጅቷ ልክ ነች። የቱን እንያዝ?»

ተቆጣጣሪው ያነባበሩትን እግር አወረዱ። «እኔም ይህንኑ ልጠይቅ ነበር።»

ዳይሬክተሩ ግንባራቸውን ጠረጉ። ሰው ዳይሬክተር የሚሆነው በከንቱ አይደለም። «ይህ… ይህ እኮ ሦስተኛውን ወንበር ለማስተዋወቅ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ትርኢት ነው!»

ተቆጣጣሪው አጨበጨቡ፤ ስለዚህ ሁሉም አጨበጨበ። ጉጉት እዚያው ፈተናውን አለፈች። እንዳታለቅስ ያ ሁሉ የተለፋላት እህቴ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

በሳምንቱ ሦስተኛው ወንበር መጣ። ግራጫ፣ ሰፊ፣ መደገፊያና ትራስ ያለው። መመሪያውም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፦ «በዚህ ወንበር የሚቀመጥ ገጸ ባሕርይ ርኀቡ፣ ድካሙና ፍርሃቱ ሳይጠየቅ አይፈረድበትም። አገልግሎቱ ለኃላፊዎች ብቻ ነው። እንስሳት እንደ ቀድሞው በሁለቱ ይስተናገዳሉ።»

ትምህርት የተዘጋ ቀን የጉጉትን ዕቃ ልንወስድ ሄድን። ጅቡ ቀዩ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ጉጉት ከቀዩ ወደ ግራጫው፣ ከግራጫው ወደ ቀዩ አየች።

«አክስቴ።»

«ወዬ።»

«ጅቡ ዳይሬክተር የሚሆነው መቼ ነው?»